«የለውም» ከማለታችሁ በፊት፦ የምግብ አለርጂና የምግብ ቤት ኃላፊነት

ብዙ ዓመት ወጥ ቤት ውስጥ ሠርቻለሁ። አሁን ደግሞ የምግብ ቤት ሠራተኞችን ስለ አለርጂ አሠለጥናለሁ። ጥያቄዎቻችሁን እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ምግብ ቤት ልከፍት ነው። የትኞቹን ነገሮች የማሳወቅ ግዴታ አለብኝ?

በምትሠሩበት አገር ሕግ ይወሰናል። አሜሪካ 9 ዋና ዋና አለርጂ አምጪዎችን ትቆጥራለች፦ ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ እንደ ሽሪምፕ ያሉት ቅርፊት ያላቸው የባሕር እንስሳት፣ ስንዴ፣ አኩሪ አተር፣ ኦቾሎኒ፣ እንደ አልሞንድና ካሽው ያሉት የዛፍ ፍሬዎች፣ እንዲሁም ሰሊጥ። የሰሊጡ ግዴታ የጀመረው በ2023 እ.ኤ.አ. ነው። የአውሮፓ ኅብረት ዝርዝር 14 ነው። ሰናፍጭና ሴለሪ የሚባለው አትክልት እዚያ ውስጥ አሉ። በአገራችሁ ግዴታው ላላ ያለ ቢሆን እንኳ ረጅሙን ዝርዝር ያዙ እላለሁ።

ጥያቄ፦ መለያ ለታሸገ ምግብ አይደለም እንዴ? እኛ የምናቀርበው በሳህን ነው።

በአውሮፓ ከታኅሣሥ 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ላልታሸገ ምግብም መረጃ መስጠት ግዴታ ነው። በታሸገውና ባልታሸገው መሃል ያለው ደግሞ እዚያው ተሠርቶ፣ ተጠቅልሎ፣ መደርደሪያ ላይ ገዢ የሚጠብቀው ምግብ ነው። ናታሻ ኤድናን-ላፐሩዝ የምትባል የሰሊጥ አለርጂ ያለባት የ15 ዓመት እንግሊዛዊት ልጅ በ2016 እ.ኤ.አ. የሞተችው እንዲህ ያለ ሳንድዊች በልታ ነው። ሰሊጡ ሊጡ ውስጥ ነበር፤ መጠቅለያው ላይ ግን አልተጻፈም። በወቅቱ ሕጉም አያስገድድም ነበር። በእንግሊዝ ከጥቅምት 1 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ እንዲህ ያለ ምግብ ላይ ሙሉ ይዘቱ መጻፍ አለበት፤ አለርጂ አምጪውም በደማቅ ፊደል ወይም በሌላ መንገድ ጎልቶ መታየት አለበት። ሕጉ በስሟ ይጠራል። ይህን ባነሳሁ ቁጥር ያመኛል።

ጥያቄ፦ ለጥንቃቄ ሜኑው ሁሉ ላይ «ሊኖረው ይችላል» ብንጽፍስ?

አታድርጉት። አለርጂ ያለበት ሰው የሚበላው ያጣል። ሲደጋገምበት ደግሞ ማስጠንቀቂያውን ማመን ይተዋል፤ እውነተኛው አደጋ ያኔ ነው።

ጥያቄ፦ በደንብ ከተጠበሰ ሙቀቱ አያጠፋውም?

ይሄ ጥያቄ በየሥልጠናው ይመጣል። ሙቀት ጀርም ይገድላል፤ አለርጂ የሚያስነሳውን ፕሮቲን ግን ያጠፋዋል ብላችሁ አትተማመኑ። ሽሪምፕ የተጠበሰበት ዘይት ውስጥ ድንች ከገባ፣ ድንቹ ለዚያ ደንበኛ ሽሪምፕ ነው። ቢላ፣ መክተፊያ፣ ጭልፋ፣ ጓንት ሁሉ እንዲሁ። እጅን በሳሙናና በውሃ ታጠቡ፤ የእጅ ሳኒታይዘር ኦቾሎኒን አያስለቅቅም። ሳህኑ ላይ በስህተት ለውዝ ከተነሰነሰ ለቅሞ ማውጣት መፍትሔ አይደለም። እንደ አዲስ ይሠራ።

ጥያቄ፦ ሜኑዬ ትክክል ነው፤ አስተናጋጆቼ ግን ቶሎ ቶሎ ይቀያየራሉ።

ሜኑው ዛሬም ትክክል መሆኑን በምን አወቃችሁ? አንድ የሠራሁበት ቤት ሶስ በትልቅ ጣሳ ይገዛና ወደ ፕላስቲክ ዕቃ ይገለበጥ ነበር። ጣሳው ወዲያው ይጣላል። አንድ ቀን ሶሱን እየገለበጥኩ መለያውን አነበብኩት። አቅራቢው ሌላ ዓይነት ልኮልናል፤ ሰናፍጭ አለበት። የእኛ የአለርጂ ሰንጠረዥ ደግሞ «የለበትም» ይላል። ስንት ቀን እንደቀረበ ማንም አያውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ መለያ ሳላነብ ዕቃ አልረከብም፤ የተገለበጠውም ዕቃ ላይ ስሙና ይዘቱ ይለጠፋል።

ለአስተናጋጆቹ አንድ ነገር አስተምሩ፦ በግምት «የለውም» አይባልም። «ቆይ ጠይቄ ልምጣ» ማለት ነውር አይደለም። በየፈረቃው የሚጠየቅ አንድ ሰው ይመደብ። ትዕዛዙም በቃል ብቻ ሳይሆን ተጽፎ ወጥ ቤት ይግባ።

ጥያቄ፦ ላክቶስ የሌለው ወተት ለወተት አለርጂ ይሆናል?

አይሆንም። የተሰባበረው ወይም የወጣው ላክቶስ የሚባለው ስኳሩ ነው፤ ፕሮቲኑ እዚያው አለ።

ጥያቄ፦ ሰው እኛ ዘንድ በልቶ ቢታመምስ?

መተንፈስ ካቃተው፣ ጉሮሮው ወይም ምላሱ ካበጠ፣ ራሱን ሊስት ከሆነ ደቂቃ አታባክኑ። አምቡላንስ ጥሩ፤ «አናፊላክሲስ ነው» በሉ፤ ለሕይወት የሚያሰጋ ከባድ አለርጂ ማለት ነው። የአድሬናሊን መርፌ ይዞ ከሆነ ወዲያው እንዲጠቀም እርዱት። አስተኙት፤ መተንፈስ ከከበደው ይቀመጥ። ንጹሕ አየር ያግኝ ብላችሁ እያራመዳችሁ እንዳታወጡት። ብቻውንም አትተዉት። የበላውን ምግብና የተሠራበትን ዕቃ መለያ አስቀምጡ፤ ሐኪሙ ይጠይቃችኋል።