ጥያቄና መልስ፦ የጓሮ ተክልን ከውርጭ ማዳን

ጥቅምት ገብቶ ሰማዩ ሲጠራ በደጋው ወሎ የጓሮ ባለቤቶች ጭንቀት ይጀምራል። የክረምቱን ጎርፍና በረዶ ተቋቁሞ ያፈራ ቲማቲም በአንድ ሌሊት ውርጭ ጠቁሮና ዝሎ ያድራል። ሰሞኑን የደረሱን ጥያቄዎች በአብዛኛው ይህንኑ የሚመለከቱ ስለሆኑ የዛሬውን ዓምድ ለውርጭ ሰጥተነዋል።

ከደሴ፦ «ቲማቲሜን ማታ ማታ በላስቲክ እሸፍነዋለሁ። ላስቲኩ የነካው ቅጠል ግን ሁሉም ጠቁሯል። ለምን?»

መሸፈንዎ ልክ ነው፤ ችግሩ አሸፋፈኑ ላይ ነው። ላስቲክ ስስ በመሆኑ የውጩን ቅዝቃዜ ለነካው ቅጠል በቀጥታ ያስተላልፋል። በተክሉ ዙሪያ አራት የሸንበቆ ወይም የባሕር ዛፍ ዘንግ ከተክሉ አንድ ስንዝር አስበልጠው ይትከሉና ልባሱን እነሱ ላይ ይጣሉት። ጆንያ ወይም አሮጌ ብርድ ልብስ ካለዎት ከላስቲክ ይሻላል።

ብዙ ሰው ልባሱን ሰብስቦ ግንዱ ላይ ያስረዋል። ይህ ትልቅ ስህተት ነው። ሌሊት ተክሉን የሚያሞቀው ቀን ፀሐይ ሲመታው የዋለው መሬት ነውና፣ ግንዱ ላይ የታሰረ ልባስ ያንን ሙቀት ውጭ ያስቀረዋል። ልባሱ እስከ መሬት ይውረድ፤ ዳሩም በድንጋይ ወይም በአፈር ይያዝ። 11 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይሸፍኑ፤ ከመሸ በኋላ ቢሸፍኑ መሬቱ ሙቀቱን ማጣት ጀምሯል። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ አመዳዩ ሲቀልጥ፣ ይግለጡት። ላስቲክ እስከ ቀትር ከቆየ ደግሞ ተክሉን በሙቀት ያቃጥለዋል።

አፈሩም ደረቅ እንዳይሆን። እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ከደረቁ አብልጦ ይይዛል። ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ጸጥ ሲል ሌሊቱ ውርጭ እንደሚያመጣ ይጠርጥሩና ረፋዱ ላይ ለአንድ ካሬ ሜትር አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሥሩ ላይ ያጠጡ። ገለባ ጎዝጉዘው ከሆነ ለዚያ ሰሞን ገለል ያድርጉት፤ ፀሐይ አፈሩን እንዳታሞቀው ይከለክላል።

ከወገል ጤና፦ «ጎረቤቴ ከእኔ ከፍ ብሎ ነው ያለው። የእሱ ቃሪያ ደህና ሲያድር የእኔ ይመታል። ግቢዬ እኮ በድንጋይ ካብ የታጠረ ነው።»

ካቡ ሳይሆን አይቀርም ምክንያቱ። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊት እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈሳል፤ የታችኛው ካብ ሲገድበው ጓሮዎ ውስጥ ተኝቶ ያድራል። ከካቡ በቁልቁለቱ በኩል፣ ዝቅ ካለው ቦታ፣ ግማሽ ሜትር ያህል እስከ መሬት ድረስ ይክፈቱ። ከብት እንዳይገባ ክፍተቱን በሳሳ እንጨት ይዝጉት፤ አየሩ እንዲያልፍ ግን ይተውት። የላይኛው ካብ ከላይ የሚመጣውን ስለሚመልስ አይንኩት። ቃሪያውን ለከርሞ ከቤቱ ግድግዳ ሥር ቢተክሉት ይበጃል፤ ግድግዳው ቀን የተቀበለውን ሙቀት ሌሊት ይመልሳል።

ከኩታበር፦ «የአቮካዶ ችግኜ ጫፉ ደረቀ። ልቁረጠው?»

አሁን አይቁረጡ። ሲቆረጥ አዲስ ቀንበጥ ያወጣል፤ ያንን ደግሞ የሚቀጥለው ውርጭ ይጨርሰዋል። ውርጩ አልፎ ማቆጥቆጥ እስኪጀምር ይታገሡ፤ ያኔ ልጡን በጥፍርዎ ፋቅ አድርገው ውስጡ አረንጓዴ እስከሆነበት ድረስ ብቻ ይቁረጡ። ችግኙ የተዳቀለ ከሆነ ከተዳቀለበት ቦታ በታች የሚወጣውን ቀንበጥ ያስወግዱ፤ የሚፈልጉት ዝርያ እሱ አይደለም። የውርጩ ወራት ሲቃረብ ዩሪያ አይስጡ፤ ለስላሳ ቅጠል ያበዛና ለብርድ ያጋልጠዋል። በደጋ ቦታ ገና ለሚተክል ሰው የእኛ ምክር አፕል ነው፤ እሱ እንዲያውም በደንብ ለማበብ ብርድ ይፈልጋል።

ከመቄት፦ «ውርጭ የድንቼን ቅጠል ጨረሰው። ወዲያው ልቆፍረው?»

ድንቹ ከደረሰ የሞተውን አገዳ አጭደው ያውጡና 2 ሳምንት ያህል መሬት ውስጥ ይተዉት፤ ልጣጩ ይጠነክራል፣ ሲቀመጥም ቶሎ አይበሰብስም። የተጋለጠውን ድንች አፈር ያልብሱት። ፀሐይ አግኝቶ አረንጓዴ የሆነ አይበላም፤ መርዝነት አለው።

ከወረኢሉ፦ «ጭስ ማጨስ ውርጭን ይከላከላል?»

ጭሱ ራሱ እምብዛም አያሞቅም፤ የሚያሞቀው እሳቱ ነው። በሰፊ ማሳ ላይ ብዙ ትንንሽ እሳት ይጠቅም ይሆናል፤ የሣር ክዳን ቤትና የጭድ ክምር ባለበት ጓሮ ግን ሌሊቱን እሳት አንድዶ መተኛት አደጋ ነው። እኛ አንመክረውም።

ከዚያው ከወረኢሉ፦ «ጆንያዬ ለሁሉም አይበቃም። የቱን ልተው?»

ሐበሻ ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ነጭ ሽንኩርት ቀላል ውርጭ ይችላሉ፤ ጎመንና ካሮት እንዲያውም ብርድ ሲነካቸው ይጣፍጣሉ። ጆንያውን ለቲማቲም፣ ለቃሪያና ለዱባ ያውሉት። በከረጢት ያለ ችግኝ ካለዎት ሥሩ በቀላሉ ስለሚበርደው ማታ ማታ ቤት ያስገቡት፤ ካልተቻለ ከግድግዳ ሥር አቀራርበው ይደርድሩት።