የአያቴን ወንድም ከየት ልፈልግ?

ጥያቄ፦ የአያቴ ታላቅ ወንድም በ1950ዎቹ ደሴ ውስጥ የሚያከራዩት ቤት ነበራቸው ይባላል። ከዚያ ወዲህ የደረሱበትን የሚያውቅ ዘመድ የለም። ከየት ልጀምር? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ በልደት መዝገብ አይድከሙ፤ አገር አቀፉ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ቤቱን ይከተሉ። የኪራይ ከነበረ የከተማ ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ባደረገው በ1967ቱ አዋጅ ተወርሶ ሊሆን ስለሚችል፣ በቀበሌ ቤቶች ማህደር የቀድሞ ባለቤት ስም እንዲፈለግልዎ ይጠይቁ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የፍርድ ቤት የውርስ መዝገብ ነው፤ ወራሾች በስም የሚዘረዘሩት እዚያ ነው። ሙስሊም ከሆኑ ሸሪዓ ፍርድ ቤቱንም መደበኛውንም ይጠይቁ። ክርስቲያን ከሆኑ የክርስትና ስማቸውን ሳይዙ ቤተ ክርስቲያን አይሂዱ፤ በዓለም ስም ላይገኙ ይችላሉ። የአያት ስምም ይያዙ። ለወሎ ሰው ደግሞ «መሐመድ»ን «ሙሐመድ» ብሎም መፈለግ ግድ ነው።