ስንት ሰዓት ፈጀብሽ?

ልጆቼ፣ ደብረ ብርሃን ላይ 40 ዓመት ልብስ ሰፍቻለሁ። ዓይኔ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ሲያቅተው የስፌት መኪናዬን ለልጄ አስረከብሁ። ሰሞኑን ወጣት ሴቶች በእጃቸው የሰፉትን የአልጋ ልብስ ለዕይታ አቅርበዋል ሲሉኝ ጋቢዬን ደርቤ ሄድሁ።

ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሳይ መጀመሪያ አፌ ላይ የመጣው «ድሪቶ» የሚለው ቃል ነው። መንዝ ነው ያደግሁት። የበግ ጠጉር ተፈትሎ የተሸመነው ባና ሲያረጅ፣ እራፊ በእራፊ ላይ እየተጣፈ ብርዱን ያሻግረን ነበር። ድሪቶ ለባሽ መባል ግን ስድብ ነው፤ እስካሁን ያመኛል። እዚህ ያው እራፊ ቅጠል ሆኗል፣ ወፍ ሆኗል፣ ደረቱ የቀላ የጓሳ ጭላዳም ሆኗል።

አፕሊኬ ይሉታል። ጨርቅ ቆርጦ ጨርቅ ላይ መለጠፍ ነው ብላችሁ እንዳታቃልሉት። የቅጠሉ ጠርዝ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ገደማ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ጎድጎድ ባለበት በኩል በመቀስ ጫፍ ካልተበጣ አይታጠፍም፤ ከመጠን በላይ ከተበጣ ደግሞ ክሩ ይመዘዛል። ሹሉ ጫፍ ላይ እጥፋት በእጥፋት ይከማቻል፤ ባለሙያና ጀማሪ የሚለዩት እዚያ ላይ ነው። ክሩ የሚመረጠው በመደቡ ሳይሆን በቅጠሉ ቀለም ነው፣ ስፌቱ እንዳይታይ። በመጨረሻ ከሥር ጥጥና ገበር ገብቶ ሦስቱም በጥቃቅን ስፌት ይያያዛሉ። መነጽሬን አድርጌ የጭላዳው ደረት ላይ ስፌቱን ፈለግሁ፤ አጣሁት። በስተርጅና ቀናሁ!

«ዋጋው ስንት ነው?» አልኋት ሰፊዋን።

«የጨርቁን ከፍለው ትንሽ ጨመር ያድርጉልኝ፣ አባባ።»

«ስንት ሰዓት ፈጀብሽ?»

«እኔ እንጃ፣ ማታ ማታ ነው የምሰፋው።»

ተናደድሁ፤ በእሷ ሳይሆን በራሴ። እኔም ወጣት ሳለሁ የክርና የገበሩን ሒሳብ እይዝና ያደርሁበትን ሌሊት እረሳ ነበር። ለኮት ሰሪው ከጨርቅ ነጋዴው ያነሰ ሲተርፈው ዕድሌ ነው እል ነበር።

አሜሪካ፣ ጆርጂያ ውስጥ በፈረንጆች 1837 በባርነት የተወለደች ሀሪየት ፓወርስ የምትባል ሴት ነበረች። የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ ከጨርቅ እየቆረጠች አልጋ ልብስ ላይ ሰፋች። በ1886 ለሕዝብ ስታሳየው አንዲት የሥዕል መምህርት ልግዛው ብትላት እንቢ አለች። ኋላ ኑሮ ሲከብዳት 10 ዶላር ጠይቃ በ5 ሸጠችው። ከዚያ በኋላ ሥራዋን ለማየት ብቻ ገዢዋ ቤት ትመላለስ ነበር ይባላል። ዛሬ ስሚዝሶንያን ሙዚየም ነው ያለው። ይህን ሳነብ እንጀራ ጉሮሮዬ ላይ ቀርቷል።

እናም ልጆቼ፣ ሰፊም ሁኑ አናጢ ወይም ኮምፒውተር ላይ የምትሠሩ፣ የተቀመጣችሁበትን ሰዓት ጻፉ። ለዘመድም ለጎረቤትም ቀንሱ፤ ግን የቀነሳችሁትን አውቃችሁ። በነፃ መስጠትም ቢሆን የሚያምረው ስንት እንደሆነ ሲታወቅ ነው።

ልጅቷን አስቀምጬ፣ ሰዓቴን ይዤ አንዲት ቅጠል አሰፋኋት። 35 ደቂቃ። አልጋ ልብሱ ላይ ያሉትን ስንቆጥር 64 ሆኑ። ደብተር አውጥታ አባዛች፤ ቅጠሉ ብቻውን ከ37 ሰዓት በላይ!

«ጭላዳዎቹስ?» አልኋት።

እስክሪብቶዋን ጣል አድርጋ ሳቀች።