ቢጫ ጥፍር፣ ያበጠ እግር፣ የማይለቅ ሳል፦ ጠይቁኝ

ሰላም ቤተሰብ። የሎው ኔይል ሲንድረም የሚባለው የቢጫ ጥፍር ሕመም ከተገኘብኝ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ሐኪም አይደለሁም፤ ግን የማውቀውን ሁሉ እነግራችኋለሁ።

ጥያቄ፦ የእግሬ ጥፍር ቢጫ ሆኗል። እሱ ይሆን?

መልስ፦ አትደንግጪ፣ ይኼ በጣም ብርቅ ሕመም ነው። ጥፍር በፈንገስም በጥፍር ቀለምም ቢጫ ይሆናል። የዚህኛው ግን ብዙ ጊዜ የእጁንም የእግሩንም ይይዛል፣ ይወፍራል፣ ይጎብጣል፣ ሥሩ ላይ ያለችው ስስ ቆዳም ትጠፋለች። ከሁሉም በላይ እድገቱ ይቆማል ማለት ይቻላል። እኔ የጥፍር መቁረጫዬን ለወራት እንዳልነካሁት ልብ ያልኩት ቆይቶ ነው።

ጥያቄ፦ ጥፍርና ሳንባን ምን አገናኛቸው?

መልስ፦ በዋናነት የሚጠረጠረው ሊምፍ ነው። ሊምፍ ከደም ሥር ሾልኮ የወጣውን ፈሳሽ ሰብስቦ የሚመልስ መስመር ነው። ሲደክም ፈሳሹ እግር ላይ ይጠራቀምና ያብጣል፤ በሳንባ ሽፋኖች መካከል ሲጠራቀም ደግሞ ሳንባው ውሃ ቋጠረ እንላለን። ሳማንና ዋይት የተባሉ እንግሊዛውያን ሐኪሞች በ1964 (እ.ኤ.አ.) 13 ታማሚዎችን አይተው ጥፍሩን ከእብጠቱ ጋር አገናኙት፣ ሳንባው የተጨመረው ከዚያ በኋላ ነው። ሦስቱም ምልክቶች በአንዴ ላይታዩ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ አባቴ ሳንባቸው ውሃ ቋጥሮ የቲቢ መድኃኒት ጀምረዋል። ጥፍራቸውም ቢጫ ነው። ያቁሙ?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! እኛ አገር ሳንባ ውሃ ሲቋጥር ቲቢ ቀድሞ መጠርጠሩ ልክ ነው። ብቻ በሚቀጥለው ቀጠሮ ካልሲያቸውን አውልቀው ጥፍራቸውን ለዚያው ለሳንባ ሐኪማቸው ያሳዩ። የኔን ደረት አንዱ፣ እግሬን ሌላው፣ ጥፍሬን ሦስተኛው ሐኪም ሲያይ ሁለት ዓመት አለፈ። ሦስቱን አንድ ላይ ያየልኝ አልነበረም፣ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ጥያቄ፦ ይተላለፋል?

መልስ፦ አይተላለፍም። በዘር መምጣቱም እምብዛም ነው። ባብዛኛው የሚታየው ከ50 ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ ነው።

ጥያቄ፦ መድኃኒትስ?

መልስ፦ ከሥሩ የሚነቅለው የለም። ለጥፍሩ ቫይታሚን ኢ በከፍተኛ መጠን ይታዘዛል፣ አንዳንዴ ፍሉኮናዞል ከሚባል የፈንገስ መድኃኒት ጋር። ያለ ሐኪም ግን እንዳትጀምሩት። ለእግር አጥብቆ የሚይዝ ካልሲና ፋሻ አለ። የሳንባው ውሃ በመርፌ ይቀዳል፤ እየተመላለሰ ካስቸገረ ሁለቱን ሽፋኖች የሚያጣብቅ ሕክምና ይሠራል። ጥፍሩ በራሱ ጊዜ የሚሻለውም ሰው አለ። የኔ የቀኝ አውራ ጣት ዘንድሮ ከሥሩ ንጹሕ ጥፍር ማብቀል ጀምሯል፣ ገና የስንዴ ፍሬ ታክላለች።