አናቶሚን ከየት ልጀምር ላልሽው እህቴ

ሰላም እህቴ። የነርሲንግ አንደኛ ዓመት ተማሪ መሆንሽን፣ የሸመደድሻቸው የአናቶሚ ቃላት በማግስቱ እንደሚጠፉብሽ፣ መጽሐፉም ከሴል ስለሚጀምር «ይህን ዘልዬ በቀጥታ ወደ ልብና ሳንባ ልግባ ወይ?» ማለትሽን፣ በስልክ የአናቶሚ መተግበሪያ ማጥናት ይጠቅም እንደሆነም መጠየቅሽን አነበብኩ። የቀዶ ሕክምና ዋርድ ነርስ ነኝ፤ ለልምምድ የሚመጡ ተማሪዎችንም አሳያለሁና ከዚያ ያየሁትን ልጻፍልሽ።

ከቃላቱ በፊት አቋቋሙን ያዢ። ሰውየው ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ፊቱና የእግሮቹ ጣቶች ወደ ፊት ናቸው፣ እጆቹ በጎኑ ወርደዋል፣ መዳፎቹ ወደ ፊት ዞረዋል። የአቅጣጫ ቃል ሁሉ የሚለካው ከዚህ አቋቋም ነው። በሽተኛው በሆዱ ተኝቶም ሆነ ወንበር ላይ ተጣጥፎ ቃሉ ፈቀቅ አይልም። ግራና ቀኝ ደግሞ ምንጊዜም የእሱ ግራና ቀኝ ነው፣ ያንቺ አይደለም። እኛ አገር አድራሻ ሲነገር «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ» እንደሚባለው ነው፤ ተናጋሪው የቆመበትን ካላወቅሽ ጀርባው የት እንደሆነ አታገኚውም።

መዳፍ ወደ ፊት መዞሩ ለምን እንዳስፈለገ አሁኑኑ ቆመሽ ሞክሪው። መዳፍሽ ወደ ፊት ሲሆን አውራ ጣትሽ ከሰውነትሽ ርቆ ወደ ውጪ ይወጣል። መዳፍሽን ወደ ኋላ አዙሪ፤ አውራ ጣትሽ ታፋሽን ነካ። ታዲያ ቻርት ላይ «ከክንዱ በውጪ በኩል ቁስል አለ» ተብሎ ቢጻፍ የትኛው ውጪ ነው? ላተራል፣ ማለትም ከሰውነት መሐል መስመር የራቀው ጎን፣ ከተባለ ግን ክርክር የለም፣ አውራ ጣት ያለበት ጎን ነው። ሚዲያል ወደ ሰውነት መሐል መስመር፣ ክንድ ላይ ትንሿ ጣት ያለችበት ጎን ነው። ከክርን በታች ካሉት ሁለት አጥንቶች ሬዲየስ በአውራ ጣት በኩል፣ አልና በትንሿ ጣት በኩል ናቸው። መዳፍሽን ስታዞሪ ሬዲየስ በአልና ላይ ተሻግሮ ይጠማዘዛል። ስማቸው ግን ባለበት ይቆያል።

ይህን ከያዝሽ በኋላ ቃሉን ሥራ ላይ አውዪው። ተማሪዎች ቢፒ (የደም ግፊት) ሲለኩ ስቴቶስኮፑን ክርን መታጠፊያው ላይ እንደመጣላቸው ያስቀምጡና «ድምፅ የለም» ይላሉ። ክርንሽን ትንሽ አጠፍ አድርገሽ የባይሴፕስን፣ የላይኛው ክንድ የፊት ጡንቻ፣ ጅማት በጣትሽ ፈልጊ፤ ጠንካራ ገመድ ሆኖ ይሰማሻል። ከእሱ ወደ ሚዲያል ትንሽ ፈቀቅ በዪ፤ የክንዱ ዋና ደም ወሳጅ ሥር፣ ብራኪያል አርተሪ፣ እዚያ ይመታል። የእጅ አንጓ ላይ ፑልስ (የደም ሥር ምት) ስትቆጥሪ ግን በተቃራኒው ነው፤ ጎላ ካለው ጅማት ወደ ላተራል፣ ከአውራ ጣት ሥር ነው። ጣትሽ አንዴ ካገኘው ሚዲያልና ላተራልን መሸምደድ አያሻሽም።

ፕሮክሲማልና ዲስታል ለእጅና እግር ናቸው፤ አንዱ እጅ ወይም እግር ከሰውነት ግንድ ጋር ወደሚጋጠምበት ሲቀርብ፣ ሌላው ሲርቅ። ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባውን ቀጭን ቱቦ) ስትሰኪ ከዲስታል ጀምሪ የሚሉሽ በምክንያት ነው። ሙከራው ከከሸፈ ቀጥሎ የምትወጊው በዚያው ደም ሥር ከቀዳዳው ፕሮክሲማል መሆን አለበት፤ ከታች ከወጋሽ ፈሳሹ ወደ ላይ ሲሄድ በቀድሞው ቀዳዳ ያመልጣል። የታፋ አጥንት የተሰበረበት ሰው ሲመጣም ከስብራቱ ዲስታል ያለውን ፑልስ፣ የቆዳውን ቀለምና ስሜት ታያለሽ።

አንቴሪየር ፊት፣ ፖስቴሪየር ኋላ፣ ሱፒሪየር ላይ፣ ኢንፌሪየር ታች። እነዚህ አያስቸግሩም። ሰውነትን በሐሳብ ከምንቆርጥባቸው ሦስት አቅጣጫዎች ሳጂታል ግራና ቀኝ ይከፍላል፣ ኮሮናል ፊትና ኋላ፣ ትራንስቨርስ ላይና ታች። ሲቲ ስካን ላይ የትራንስቨርሱን ምስል የምናየው ከበሽተኛው እግር በኩል ቆመን እንደምናይ ሆኖ ነው፤ ጉበቱን ስክሪኑ ላይ በግራሽ ስታይው አትደንግጪ።

ሴሉን ዝለይ ወይ? አትዝለይ፣ ግን እዚያው አትክረሚ። ሴሎች ተባብረው ሕብረ ሕዋስ፣ ሕብረ ሕዋሳት ኦርጋን፣ ኦርጋኖች ሥርዓት ይሆናሉ። ሕብረ ሕዋስ አራት ዓይነት ነው፤ ሸፋኝ፣ አገናኝ፣ ጡንቻና ነርቭ። ጨጓራን ብቻ ብትወስጂ ግድግዳዋ ውስጥ አራቱንም ታገኛለሽ። ሥርዓቶቹን መጻሕፍት 11 ይሏቸዋል፤ እኔ ቁጥሩን ብዙ አልጨነቅበትም። ቆሽት የምግብ መፍጫ ኢንዛይምም ኢንሱሊንም ያወጣልና የሁለት ሥርዓት ነው።

ለዋርድ የሚጠቅምሽ ኦርጋኖች የተቀመጡባቸውን የሰውነት ክፍተቶች ማወቅ ነው፣ ተማሪ ደግሞ የሚዘለው ይህንኑ ነው። ደረትና ሆድን የሚለየው ድያፍራም ጠፍጣፋ ወለል አይምሰልሽ። እንደ ጉልላት ወደ ላይ የተነፋ ነው፤ አየር ስናስወጣ በቀኝ በኩል እስከ ጡት ጫፍ ከፍታ ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ ከጡት ጫፍ በታች በስለት የተወጋ ሰው «ደረቱን ነው» ተብሎ ቢመጣም ጉበቱ ወይም ጣፊያው ተነክቶ ሊሆን ይችላል። ኩላሊቶች ደግሞ ከሆድ ዕቃው ሽፋን ኋላ ናቸው፣ ቀኙ በጉበት ምክንያት ከግራው ትንሽ ዝቅ ይላል።

ሆድን በእምብርት ላይ በሚያልፉ ሁለት መስመሮች በአራት ክፈዪው፤ የዘጠኙ አከፋፈል በኋላ ይደርሳል። በሽተኛ «ልቤን» ብሎ ከደረት አጥንት በታች ያለውን ጉድጓድ፣ «ኩላሊቴን» ብሎ ወገቡን ያሳይሻል። ስሙን ተዪና ጣቱን ተከተዪ፤ የምትጽፊው ጣቱ ያረፈበትን ነው። ትርፍ አንጀት ሲቆጣ ሕመሙ ብዙ ጊዜ እምብርት ዙሪያ ይጀምራል፤ የትርፍ አንጀት የስሜት ነርቮች የእምብርት ቆዳ ነርቮች ከሚገቡበት ከአሥረኛው የደረት ነርቭ ደረጃ ጋር ስለሚገናኙ ነው። ቁጣው የሆዱን ሽፋን ሲነካ ሕመሙ ወደ ቀኝ ታችኛው ሩብ ወርዶ ቁርጥ ያለ ቦታ ይይዛል። ቦታውን ለማግኘት በፊት በኩል ከሚዳሰሰው የቀኝ ዳሌ አጥንት ጫፍ እስከ እምብርት መስመር አስምሪ፤ ከአጥንቱ ተነስተሽ አንድ ሦስተኛው ላይ ነው፣ ማክበርኒ ነጥብ ይባላል።

የቃል ጅራቶችን ግን ሸምድጂ፣ ጥቂት ናቸው። «አይተስ» መቆጣት፣ «ኤክቶሚ» ቆርጦ ማውጣት፣ «ኦስቶሚ» መውጫ መክፈት። ከፊት «ሄፓቶ» ካየሽ ጉበት፣ «ኔፍሮ» ካየሽ ኩላሊት ነው። ኢሊየም የሚባሉ ሁለት እንዳሉም እወቂ፤ አንዱ የትንሹ አንጀት መጨረሻ፣ ሌላው የዳሌ አጥንት። በድምፅ አይለዩም፣ ፈተና ላይ የእንግሊዝኛ ፊደሉን አስተውለሽ አንብቢ።

ስለ ስልክ መተግበሪያው፣ የሚሽከረከረው ሥዕል ኦርጋን ከኦርጋን ኋላ መሆኑን ለማየት ጥሩ ነው፤ ለእጅና እግር ግን የራስሽ ክንድ ይበልጣል። መምህራን ብዙውን ጊዜ የሚፈትኑት በሥርዓት ስለሆነ፣ ፈተናው ሲቃረብ ማስታወሻሽን በሥርዓት አሰናጂው፤ እስከዚያ በአካል ክፍል አጥኚ። ክንድን ስትይዢ አጥንቱን፣ ጡንቻውን፣ ደም ሥሩንና ነርቩን አብረሽ ጨርሺ።