ሌንሱን ተወውና ወረቀትህን አስተካክል

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ሚያዝያ ላይ ለትምህርት ቶኪዮ ትገባለህ። ካሜራህን ይዘህ ነው የምትመጣው። ከአየር ኃይል ሰፈር አጥር ውጭ ቆሜ ተዋጊ ጄት ባነሳ እታሰራለሁ ወይ፣ 70-300 ሚሊሜትር ሌንሴስ ይበቃኛል ወይ ብለሃል። የመለሱልህ ሰዎች ሁሉ ሌንስ ሌንስ ይላሉ። ግማሾቹ ጃፓንን ረግጠው የሚያውቁ አይመስለኝም። እኔ እዚያ አጥር ሥር ብርዱንም ሙቀቱንም ጠግቤዋለሁ፤ ስለዚህ ስማኝ።

በመጀመሪያ ፍርሃትህን ላቅልልህ። ቢሾፍቱ ሐረር ሜዳ አካባቢ ካሜራ ያወጣ ሰው ምን እንደሚደርስበት አንተም እኔም እናውቃለን። ያንን ልማድ ይዘህ ስለምትመጣ የመጀመሪያ ቀን እጅህ መንቀጥቀጡ አይቀርም። እዚህ ግን ከሕዝብ መንገድ ላይ ቆመህ የሚነሳና የሚያርፍ አውሮፕላን ብታነሳ የሚከለክልህ ሕግ የለም። በሥራ ቀን ሃያኩሪ የሚባለው የአየር ኃይል ሰፈር ብትሄድ ጡረተኞቹን ታጣፊ መሰላላቸውን አቁመው፣ ምሳቸውን ቋጥረው፣ ሬዲዮ በጆሯቸው ሰክተው ታገኛቸዋለህ። አብራሪው እጁን ሲያውለበልብላቸውም አይቻለሁ።

ድሮን ግን በፍጹም እንዳታስብ። በ2019 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ) የድሮን ሕጉ ሲሻሻል የመከላከያ ተቋማትም ተጨምረውበታል፤ በላያቸውም በዙሪያቸውም ያለ ፈቃድ ማብረር ወንጀል ነው። በዚህ ቀልድ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አንተን የሚያስቸግርህ ወረቀት ነው።

1. መታወቂያ። ዛይርዩ ካርድ የሚሉትን የነዋሪነት ካርድ ከኪስህ እንዳታወጣ። ፎቶ ኮፒ አይሠራም፣ ስልክ ላይ ያለ ምስል አይሠራም። ይዘህ ካልተገኘህ እስከ 200 ሺህ የን ሊያስቀጣህ ይችላል። ለቱሪስት ደግሞ ፓስፖርቱ ነው፤ ቅጣቱ እስከ 100 ሺህ ይደርሳል። «ሱቅ ድረስ ደርሼ ልመለስ» ብለህም ቢሆን ይዘኸው ውጣ።

ይህን አጥብቄ የምነግርህ በምክንያት ነው። አንድ ቀን አጥር ሥር ከጃፓናውያኑ ጋር ተሰልፌ ቆሜያለሁ። የኔ ሌንስ 400 ነው። አጠገቤ ያሉት ሽማግሌ መድፍ የሚያክል 600 ተክለዋል። የፖሊስ መኪና መጣች። ሁለት ፖሊሶች ወረዱና ያን ሁሉ ሰልፍ አልፈው ቀጥ ብለው እኔ ጋ መጡ። ካርዴን ሰጠሁ። አገላብጠው አዩት፣ በሬዲዮ ቁጥሩን አነበቡ። የት ትሠራለህ? ፎቶውን ለማን ነው የምትልከው? ቦርሳህን ማየት እንችላለን? አነጋገራቸው ትሁት ነው፤ ትሁት ሆነው ነው የሚያደርቁህ። በዚህ መሃል ኤፍ-2 ተዋጊ ጄቶቹ ከልምምድ ተመለሱ። አራቱም አናቴ ላይ አንድ በአንድ እየተገለበጡ ወደ ማረፊያው ዞሩ። ብርሃኑ ደግሞ ከጀርባዬ ነበር! እኔ ግን ቦርሳዬን ከፍቼ የሳንድዊች መጠቅለያ እያሳየሁ ነው።

በሕጉ እንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ በፈቃደኝነት የሚመለስ ነው፤ ካርዱን ማሳየት ግን ግዴታ ነው። ቦርሳዬን አላሳይም ብትል መብትህ ነው፤ ነገሩ ይረዝምብሃል እንጂ። እኔ አሳይቼ መገላገል እመርጣለሁ፤ አንተ እንደ ወኔህ። ብቻ «ይህ በኔ ላይ ብቻ የሚደርስ ነው» እንዳትል፤ በ2024 መጀመሪያ ላይ ሦስት የውጭ ዝርያ ያላቸው ነዋሪዎች በመልካችን ብቻ እየተመረጥን እንጠየቃለን ብለው ቶኪዮ ፍርድ ቤት ክስ መሥርተዋል።

ያን ቀን ያዳኑኝ ባለ 600ው ሽማግሌ ናቸው። ከየት ነህ ብለው ጠየቁኝ። ኢትዮጵያ ስላቸው መሰላላቸው ላይ እንደቆሙ «አበበ!» ብለው ጮኹ። በ1964 ልጅ ነበሩ። በኦሎምፒኩ መክፈቻ ቀን ብሉ ኢምፓልስ የሚባለው የአየር ኃይሉ የትርኢት ቡድን በኤፍ-86 ጄቶች አምስቱን ቀለበቶች ሰማይ ላይ ሲስል አንጋጠው አይተዋል፤ የአውሮፕላን ፍቅር የያዛቸው ከዚያ ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ደግሞ ኮሹ ካይዶ መንገድ ዳር ቆመው አበበ ቢቂላ ሲያልፍ ተመልክተዋል። ይህን ሁሉ ለፖሊሶቹ ይተርኩላቸው ጀመር። አንደኛው ፖሊስ ገና ልጅ ስለሆነ አበበን አያውቅም። «አታውቅም?» ብለው እዚያው ተቆጡት! በመጨረሻ ካርዴን መልሰው ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ አጥር ጋ ስደርስ መጀመሪያ ለሁሉም ጎንበስ ብዬ ሰላምታ እሰጣለሁ። ካሜራ የማወጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንተም እንደዚህ አድርግ። እነዚህ ሰዎች ነፋሱ ዛሬ ከየት እንደሚነፍስ፣ ጄቶቹ በየትኛው በኩል እንደሚያርፉ፣ የትኛው ገበሬ እንደሚቆጣ ያውቃሉ። የገበሬው ነገር ቀላል አይደለም። መኪና የእርሻ መንገድ ላይ አቁሞ የሚያስቸግር፣ የስኳር ድንች ማሳ የሚረግጥ ፎቶ አንሺ አለ፤ ፖሊስ የሚጠራውም ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

2. መኪና። ወይኔ መኪና። ጥሩዎቹ የአየር ኃይል ሰፈሮች ገጠር ስለሆኑ መኪና መከራየት ያምርሃል። ከአዲስ አበባ ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ አውጥቼ እመጣለሁ ብለህ ካሰብክ ገንዘብህን አታባክን። ጃፓን የምትቀበለው በ1949ኙ የጄኔቭ ስምምነት መሠረት የወጣውን ነው፤ ኢትዮጵያ በዚያ ስምምነት ውስጥ የለችም። ይህን ለኔ የነገረኝ ሰው የለም። የኪራይ ድርጅቱ ድረ ገጽ «ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ያለው» ይላል፤ ያዝኩ፣ ከፈልኩ። ጠዋት ባንኮኒው ላይ ልጅቷ ወረቀቴን አንዴ ከፊት አንዴ ከኋላ አየችው። የአገር ዝርዝር አወጣችና በጣቷ እየተከተለች ወደ ታች ወረደች፣ ከዚያ እንደገና ከላይ ጀመረች። ጎንበስ ብላ ይቅርታ ጠየቀችና ቁልፉን መሳቢያ ውስጥ መለሰችው። የስረዛ ክፍያ ደግሞ ቆረጡብኝ! ስናስይዝ ዝርዝሩን ብታሳዩን ምን ነበረበት?

ያለህ አማራጭ የኢትዮጵያውን ፈቃድ ወደ ጃፓን ማስቀየር ነው። እዚህ ጋ በደንብ አንብብ፤ የኔን ወራት የበላው ይሄ ነው። ፈቃዱን ካወጣህ በኋላ በአገርህ ቢያንስ ሦስት ወር እንደኖርክ ማረጋገጥ አለብህ። እኔ ከመምጣቴ ትንሽ ቀደም ብዬ ፈቃዴን አሳድሼ ነበር። ካርዱ ላይ ያለው የታደሰበት ቀን ነው። በመስኮቱ በኩል ያለው ሰውዬ የካርዱን ቀንና የቦሌን መውጫ ማህተም ጎን ለጎን አስቀምጦ በእርሳስ ቆጠረ። አልሞላም። ከዚያ በፊት ለዓመታት ነድቻለሁ ስለው «ማስረጃ?» አለኝ። ቀና ብሎም አላየኝም። ሦስት ሰዓት የጠበቅኩት ለዚህ ነው።

ማስረጃው ያለው አዲስ አበባ ነው። እህቴ ፈቃዱን ያወጣሁበት ቢሮ ሄደች። ፋይሉ የለም፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው፣ ሲስተም የለም፣ ነገ ነይ። አንተም ታውቀዋለህ። ደብዳቤው ተጽፎ፣ ተተርጉሞ፣ ውጭ ጉዳይ ተረጋግጦ እስኪደርሰኝ ድረስ ሃያኩሪ ላይ ኤፍ-4 የሚባሉት አሮጌ ተዋጊ ጄቶች የሚበሩበት የመጨረሻ ዓመት እየተገባደደ ነበር። አሁን ነገሩ ብሷል። ከጥቅምት 2025 ጀምሮ የጽሑፍ ፈተናው ከ10 ጥያቄ ወደ 50 አድጓል፤ ለማለፍ 90 በመቶ ያስፈልጋል። የተግባር ፈተናውም ጠብቋል። እኔ ግን ያለፍኩት በመጀመሪያው ሙከራ ነው፤ ይሄን ሳልናገር አልቀርም።

ስለዚህ ገና አገር ቤት ሳለህ ፈቃድህ መጀመሪያ የወጣበትን ቀን የሚያሳይ ደብዳቤ አጽፍ። አስተርጉም፣ ውጭ ጉዳይ አረጋግጥ። የድሮ ፓስፖርትህንም ይዘህ ና፤ የመግቢያና መውጫ ማህተሞችህ እዚያ ላይ ናቸው።

ኤፍ-4ዎቹን ደርሼባቸዋለሁ፤ ለጉራ ነው የምነግርህ። ታኅሣሥ 2020 ላይ የሃያኩሪው 301ኛ ስኳድሮን (የተዋጊ ጄት ቡድን) ኤፍ-4ን ተሰናብቶ ሚሳዋ ወደሚባለው ሌላ ሰፈር ተዛወረ፤ አሁን የሚያበረው ኤፍ-35 ነው። ከዚያ በፊት በነበረው መኸር ሃያኩሪ አጥር ሥር መቆሚያ አልነበረም። ጥቁር ጭሱን እየጎተተ ሲነሳ የቀረጽኩት ፎቶ ሳሎኔ ውስጥ ተሰቅሏል።

3. የት ትሂድ ለሚለው፣ መኪና እስክታገኝ ድረስ በባቡርና በአውቶቡስ የሚደረስበትን ልንገርህ። ሃያኩሪ ከኢባራኪ ኤርፖርት ጋር አንድ ግቢ ነው። ከኢሺኦካ ጣቢያ አውቶቡስ አለ። ተርሚናሉ ፎቅ ላይ መመልከቻ አለው፤ መስታወቱ ግን ወደ ጦሩ በኩል ስታይ እንዲደበዝዝ ተደርጎ ነው የተሠራው። እዚያ ላይ ጊዜህን አታጥፋ። ውጭ መናፈሻው ላይ የቆሙ ሁለት ኤፍ-4ዎች አሉ፤ ለማሟሟቂያ እነሱን አንሳ። ታክሲ ዌዩ (አውሮፕላኖቹ ወደ ማኮብኮቢያው የሚሄዱበት መንገድ) መሃል ላይ ለምን እንደታጠፈ ብትጠይቅ ደግሞ መልሱ ያስቅሃል። የጦር ሰፈሩን የሚቃወሙ ባለመሬቶች አንሸጥም ስላሉ ጄቶቹ የነሱን መሬት ዞረው ነው የሚሄዱት። የኛን አገር የመሬት ነገር ለሚያውቅ ሰው ይሄ ራሱ መጎብኘት አለበት።

ኢሩማ የሚባለው ሌላው የአየር ኃይል ሰፈር ደግሞ ከቶኪዮ በሴይቡ ኢኬቡኩሮ መስመር ኢናሪያማ-ኮየን ጣቢያ ወርደህ እዚያው ነው። የሚበዙት የማመላለሻና የማሠልጠኛ አውሮፕላኖች ናቸው፤ ለመለማመጃ ይሆኑሃል። የሰፈሩ የአየር ትርኢት በዓል ኅዳር 3 በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ሕዝቡ ግን አይጣል ነው፣ መሰላልም አያስገቡም። ዮኮታ የአሜሪካኖች ሰፈር ነው። በክፍት ቀናቸው ለመግባት ዜግነት ይታያል፤ ማስታወቂያውን ሳታነብ ሄደህ በር ላይ እንዳትመለስ።

ቁጥሩን እዚህ ላቁም፤ የቀረውን በአጭሩ። ቅዳሜና እሁድ አትልፋ፣ ተዋጊዎቹ የሚበሩት በሥራ ቀን ነው። በፈረንጅ ሰዓት 8 ሳይሞላ አጥር ጋ ሁን። ምሳ ሰዓት ላይ ሰማዩ ጭር ይላል። በሞቃቱ ወራታቸው ረፋዱ ላይ የአስፋልቱ ሙቀት ፎቶህን ያርገበግበዋል፤ የትኛውም ውድ ሌንስ አያድንህም። ክረምታቸው፣ ጥርና የካቲት፣ ጣት ያደርቃል እንጂ አየሩ ጥርት ያለ ነው።

ሌንስህ? 70-300 ይበቃል። ሊያርፍ ሲል ከሚያልፍበት ሥር ከቆምክ እንዲያውም ይተርፍሃል። ለጄት የሸተር ፍጥነትህን 1/1000 ሰከንድ እና ከዚያ በላይ አድርግ። ባለ ፕሮፔለር ለሆነው ሲ-130 ማመላለሻ ግን ወደ 1/200 አውርደው፤ አለበለዚያ ፕሮፔለሩ የቆመ ይመስላል፣ ሽማግሌዎቹም ይስቁብሃል። የሬዲዮ መቀበያ ብትገዛ ጥሩ ነው። መስማት ይፈቀዳል፤ የሰማኸውን ለሌላ ማስተላለፍ ወይም ኢንተርኔት ላይ መለጠፍ ግን በሬዲዮ ሕጉ ክልክል ነው። እዚህ ቡድን ላይም እንዳትጽፈው።

ደግሞ ሚያዝያ ስትገባ ወዲያው አትሩጥ። የወሩ መጨረሻ ላይ ጎልደን ዊክ የሚሉት ተከታታይ በዓል አለ፤ ያኔ ጄት የለም፣ አውቶቡሱም ይጨናነቃል። በዓሉ ካለፈ በኋላ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። የሥራ ቀን እረፍት ካገኘሁ በኔ መኪና እንሄዳለን፤ ነዳጁን ግን እንካፈላለን።