የጃክ ጥንዱን ጣለው

ወንድሜ፣ የጠየቅኸው እኔም ፊት ቀርቦ የሚያውቅ ጉዳይ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም። የፖከር ውድድሩ ገና የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ነው፤ ብላይንዱ (ሁለት ሰዎች ካርታ ሳያዩ በግድ የሚያስቀምጡት) 100 እና 200፣ ሁሉም 30,000 ቺፕ (የመጫወቻ ገንዘብ) ይዟል። አንተ በጃክ ጥንድ (በእጅህ ባሉ ሁለት ጃኮች) 500 ብለህ ከፈትህ፣ አንዱ ወደ 1,600 ከፍ አደረገው፣ ሌላው 5,000 አለ። «ልጣል፣ ልከተል ወይስ ሁሉንም ላስገባ?» ትላለህ (መከተል ማለት ሳይጨምሩ 5,000ውን ማሟላት ነው)። ጣል። ካርታው እንደሚያሳሳ አውቃለሁ፤ ጣል።

1. «ተከትዬ ሦስተኛ ጃክ ልጠብቅ» የሚሉህን አትስማ። መሃል ከሚገለጡት የመጀመሪያዎቹ ሦስት የጋራ ካርታዎች ጃክ የማግኘት ዕድልህ 12 በመቶ እንኳ አይሞላም። ለዚህ 4,500 ትጨምራለህ። ጃክ በመጣ ቁጥር 5,000 ያለው ሰው የቀረውን 25,000 በሙሉ ቢያስረክብህ፣ መሃል ካለው 7,400 ጋር የምታገኘው 32,400 ነው (በየዙሩ በግድ የሚከፈል አንቴ እንደሌለ ቆጥሬ)። ሒሳቡ እንዲካካስ ግን 33,750 ገደማ ያስፈልጋል። በዚያ ላይ 1,600 ያለው ሰው ከአንተ በኋላ ገና ሊናገር ነው።

2. ሁሉንም ማስገባትም አያዋጣም። 5,000 ያለው ሰው የአስ፣ የንጉሥ ወይም የንግሥት ጥንድ፣ አለዚያም አስና ንጉሥ ይዞ ከሆነ፣ የማሸነፍ ዕድልህ 36 በመቶ አካባቢ ነው። ከተከተለህ በኋላ ኪሳራ ላለማየት ደግሞ 48 በመቶ ገደማ ያስፈልግሃል። «ፈርቶ ይጥላል» ይሉሃል። በመጀመሪያው ደረጃ ሁለት ሰው ከፍ ካደረገ በኋላ 5,000 የሚል ሰው ሲጥል ያየሁት እጅግ ጥቂት ነው። ብትጥል ግን 29,500 ይቀርሃል፤ ያ የትልቁ ብላይንድ 147 እጥፍ ነው። ምን አስቸኮለህ?

3. የምታደርገውን ቺፕ ከመወርወርህ በፊት ጮክ ብለህ ተናገር። ይህን የምልህ በምክንያት ነው። እኔም የጃክ ጥንድ ይዤ፣ ከፊቴ ያለው 500 ሲል «1,600» ብዬ አንድ ባለ 5,000 ቺፕ አስቀመጥኩ። በጫጫታው ካርታ አዳዩ አልሰማኝም። ሳይናገሩ አንድ ትልቅ ቺፕ ማስቀመጥ እንደ መከተል ይቆጠራል፤ ሕጉን አውቀዋለሁ፣ ትክክልም ነው። ግን እኮ ተናግሬ ነበር! የተጠራው ተቆጣጣሪ አጠገቤ የነበሩትን ሰዎች እንኳ ሳይጠይቅ፣ ዓይኔን ሳያይ «መከተል ነው» ብሎ ፈረደ። ላስረዳው ስሞክር «መጫወት ካልፈለግህ በሩ ያው» አለኝ። ለመሳተፍ የከፈልኩ ሰው እንደ ለማኝ ተስተናገድኩ።

ከኋላዬ ሁለት ሰዎች በርካሽ ገቡ፤ የጋራ ካርታው ላይ አስና ንግሥት ወጣ፤ ያለ አንድ ቃል ጣልኩ። አጠገቤ የነበረው ሰው «ፈሪ» ብሎ ሳቀ። እርሱ እራት ሳይደርስ ተሰናበተ፤ እኔ የመጨረሻው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥኩ። ተቆጣጣሪው ያን ጊዜ «ጌታዬ» ማለት ጀመረ።

ውሳኔዬን የምለውጠው 5,000 ያለው ሰው ከመጀመሪያው ጀምሮ በየዙሩ ከፍ ሲያደርግ ከነበረ፣ ወይም ውድድሩ የወጣ ሰው ከፍሎ ዳግም እንዲገባ ስለሚፈቅድ ሰዉ ቺፑን እንደ ጭድ የሚበትን ከሆነ ነው። ያን ጊዜም ሁሉንም አስገባ እንጂ ለመከተል ብቻ 4,500 አትክፈል።